በቃሬዛ የተሸከምነው ቤዝ

በሙዚቃ እንጀራዬን ስበላ ብዙ ሰው አስጨፍሬአለሁ። ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲያለቅስ ያየሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እኔ አንዲት ክር እንኳ አልነካሁም። ነገሩ የደረሰብኝ መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ በላይ ባለች መንደር ነው። ጅማሬውን ለሰው ስነግር ሁሉም ይስቃል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እስከ እኩሌታው ድረስ ስቄአለሁ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ፣ ፀጉሬን በቅባት የማስተኛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየምሽት ክበቡ ቤዝ የምመታ ጎረምሳ ነበርኩ። የዛሬ ልጆች ቤዝ ሲባል የሚመጣባቸው ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። የኛው ሌላ ነበር፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆመው አቅፈው በጣት የሚመቱት ትልቅ የእንጨት መሣሪያ። ስጫወትበት የኖርኩት የክበቡ ንብረት ስለነበር፣ ክበቡ ሲዘጋ ባለቤቱ ከወንበርና ከብርጭቆ ጋር ሸጠው። ሳክስፎን የሚነፋው ጓደኛዬ ሳክስፎኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሌላ ቤት ገባ። ቤዝ የሌለውን ቤዝ መቺ ግን ማን ይቀጥረዋል? ወራት ከተንከራተትኩ በኋላ ፒያሳ አካባቢ አዲስ የሚከፈት ክበብ አገኘሁ። ባለቤቱ ቁመቱም ንግግሩም አጭር ነው። "ቅዳሜ ማታ እንከፍታለን። ቤዝ ይዘህ ከመጣህ ሥራው ያንተ ነው፤ ካልመጣህ የሚመጣ ሰው አለኝ" አለኝ።

ወሬውን የሰጠኝ እህል ከሞላሌ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። "ዘመሮ አጠገብ አንድ አለቃ ቤት ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ሰው የሚያህል ማሲንቆ አለ" ብሎ አወራኝ። ሳቅሁበት። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በማግሥቱ የሾፌሩ መኪና ላይ ወጣሁ።

አለቃ ወልደ ሐና የሚባሉት ሰው በገና ደርዳሪ ናቸው። ቤታቸው ስገባ ከገብሱ ጎተራ ጎን ቆሞ አየሁት። ሆዱ ቀላ ያለ፣ አንገቱ ላይ ጭረት ያለበት፣ ግን ያልተሰነጠቀ ደህና ቤዝ ነው። የራሱ ክሮች አልቀው አለቃ ለበገናቸው ከበግ አንጀት በሚያከርሩት አውታር ተክተዋቸዋል። አንዱን በጣቴ ሳብ አድርጌ ስለቀው ጎተራው ራሱ ያጉረመረመ መሰለኝ።

"ጠላት ሲሸሽ ጥሎት ሄደ" አሉኝ አለቃ። "ሰዉ ለማገዶ ሊፈልጠው ሲል፣ ተዉ ይኼ የፈረንጅ በገና ነው ብዬ አስጣልኩ። ስሙን ሳላውቀው አብሬው አረጀሁ። ምን ልታደርግበት ነው?"

"ዳንስ ልናጫውትበት ነው አባቴ። የምሽት ክበብ ውስጥ።"

"ዳንስ!" ብለው አማተቡ። "እንግዲህ የፈረንጅ ነው፣ እንደ ፈረንጁ ይሁን። የራሴ በገና ቢሆን ግን በጠመንጃ ነበር የምሸኝህ።"

በዋጋው ብዙ አልተከራከርንም። የተከራከርነው በአወጣጡ ነው። በቅሎ ላይ ልንጭነው ብንል በቅሎዋ አንዴ አይታው ሸሸች። አለቃም ዕርቃኑን መንገድ አይወጣም ብለው ድርቅ አሉ፤ በገና ተሸፍኖ ነው የሚሄደው፣ ይኼም ዘመዱ ነው አሉ። ስለዚህ አራት ጎረቤቶቻቸው ቃሬዛ ሠሩ፤ ቤዙን በጀርባው አስተኝተው፣ በነጭ ጋቢ ጠቅልለው፣ በገመድ አሰሩት። እንግዲህ ቤዝ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ አንገት አለው፣ ትከሻ አለው፣ ወገብ አለው። እኔ ደግሞ የመንዝን ብርድ ፈርቼ ከወታደር ቤት የወጣ ካኪ ካፖርት ለብሼ ከኋላ እከተላለሁ።

ሐሙስ ማለዳ ጉዞ ጀመርን። ገና ከዘመሮ ብዙም ሳንርቅ አንድ ሽማግሌ ከበቅሏቸው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ንጋቱ የሚባለው ተሸካሚ፣ አፉ ሥራ የማይፈታ ሰው፣ ሊያስረዳቸው ቢሞክርም ሳቅ አፈነው። እኔ ቀርቤ የጋቢውን ጫፍ ገልጬ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ክሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ "እግዜር ይይላችሁ! ነፍስ ይማር ብዬ ነበር እኮ!" ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ። አራቱም ተሸካሚዎች ቃሬዛውን እስኪያወርዱ ድረስ ሳቁ። ቀልዱ እስከዚህ ድረስ ነው።

ሞላሌ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታች አንዲት መንደር አለች። ጊዜው የአውድማ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ነበር። ከሩቅ አዩን። አንዲት ሴት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ስታደርግ አየሁ። ቀጥሎ ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ ጩኸት፤ ሰው መንሹንና ላይዳውን እየጣለ ወደኛ ሽቅብ መሮጥ ጀመረ።

"ጣውላ ነው! የሙዚቃ ዕቃ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበርና ድምፄ ወደ ራሴ ተመለሰ።

ከሁሉ ቀድመው የደረሱት አንድ ጎልማሳ ናቸው፤ በኋላ ስማቸው አቶ ጌታነህ መሆኑን አወቅሁ። ጋቢያቸውን መሬት ጥለው ደረታቸውን እየደቁ "ወየው ደምሴ! ወየው የእህቴ ልጅ! በሰው አገር ወድቀህ!" እያሉ ቃሬዛው ላይ ተደፉ። ሌላውም "ደምሴ! ደምስዬ!" እያለ ከበበን። ሴቶቹ ፊታቸውን ይነጫሉ። ተሸካሚዎቹ ፈርተው ቃሬዛውን መሬት አስቀመጡት። እኔ በሰው መሃል ተሽሎክልኬ ገመዱን ፈታሁና ጋቢውን ከላይ እስከ ታች ገለጥኩት።

ቀይ ጣውላ፣ አራት ክር።

የቀረቡት ሁሉ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። ከዚያ አንዱ ከጀርባ ፈገግ አለ፤ ሌላው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ እንደ ልቅሶው ተዛመተ። "ለጣውላ አስለቀሱን!" ይላል አንዱ። ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። እኔም ሳቅሁ፤ የፍርሃት ሳቅ ነው። ያልሳቁት አቶ ጌታነህና አጠገባቸው የቆሙት ቄስ፣ መምሬ ክፍሌ ናቸው።

በሰዉ መሃል መንገድ ተከፈተና አንዲት ሴት መጡ፤ ወይዘሮ የሺ፣ የደምሴ እናት። አልሮጡም፣ አላለቀሱም። መንሻቸውን እንደያዙ ነበር፤ ነጠላቸው የገብስ እብቅ ለብሷል። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ጣውላው ላይ አሳረፉና ቀና አሉ።

"ጌታነህ።"

"አቤት እትዬ።"

"የማንን ስም ነው የጠራኸው?"

"ደንግጬ ነው እትዬ። የካኪውን ሰው ሳየው ጊዜ፣ የወታደር ሬሳ መሰለኝና…"

"ከዚህ መንደር ወታደር ቤት የገባ የኔ ልጅ ብቻ ነው? የአየለ ልጅ የለም? የወርቄ ልጅ የለም? የነሱን ስም የጠራ አልሰማሁም። ከአውድማዬ ላይ ሆኜ ነው የሰማኋችሁ። ሁላችሁም አንድ ስም ነው የጠራችሁት።"

ሳቁ ጠፋ። አቶ ጌታነህ መምሬ ክፍሌን አዩ፤ መምሬ መሬት አዩ። ያኔ ነው እኔም የገባኝ። በኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቀን ይቆረጣል፣ በማለዳ ቤት ተሄዶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ይኖራል። ያ መንደር በሙሉ አፉን ይዞ ከርሞ ነበር።

"አዝመራው ይግባ ብለን ነው እትዬ" አሉ አቶ ጌታነህ። "ዘመዱም ከቀየት፣ ከመርሐቤቴም መጥቶ፣ በወጉ ልናረዳሽ…"

"መቼ ሞተ?"

"ክረምቱ ላይ። አብሮት የዘመተው ጓደኛው ከኮንጎ ተመልሶ ሞላሌ ገበያ አገኘኝና ነገረኝ። እዚያው ቀበርነው ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ አውጥተው ያመጡት መሰለኝ።"

"አርባው አልፏላ?"

አቶ ጌታነህ የጣሉትን ጋቢ ለማንሣት ጎንበስ አሉ።

"አርባው አልፏል ወይ ነው የምልህ!"

"አልፏል እትዬ።"

"ልጄን በደህና መልስልኝ ብዬ ለጊዮርጊስ ዣንጥላ ስሳል፣ ዣንጥላውን ከገበያ ገዝተህ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። ያኔ ታውቅ ነበር?"

አቶ ጌታነህ እንደ ልጅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። "አውቅ ነበር።"

"መምሬስ? ስእለቴን ተቀብለው ሲያስገቡ ያውቁ ነበር?"

መምሬ ክፍሌ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ወይዘሮ የሺ መንሹን ለቀቁትና እዚያው አፈር ላይ ተቀመጡ። "ነፍሱ ፍትሐት ትጠብቃለች፣ እኔ በደህና መልሰው እላለሁ። እያያችሁኝ" አሉ። ማንም የሚያለቅስ ጠፋ። መልሶ ለመጀመር ሁሉም አፍሯል። ሴትዮዋ ዙሪያቸውን ቃኙና "አልቅሱ እንጂ!" ብለው ጮኹ። "ለጣውላው አልቅሳችሁ የለም?"

ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ልቅሶ የተነሣው። ከመጀመሪያው ጋር አንድ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ይጮህ ነበር፣ ይኼኛው ውስጥ ውስጡን የሚያቃጥል ነው። እኔ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ልቤ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ አዘነ፣ ግን ቅዳሜንም አልረሳም።

ሰዉ ትንሽ ሲረጋጋ ወይዘሮ የሺ ጠሩኝ። "አንተ ልጅ፣ ይህን ነገር እንደነበረ መልሰህ ሸፍነው።" ሸፈንኩት። "እስከ እሑድ እዚሁ ይቆይልኝ። ዘመዴ ይምጣ። ሬሳ የለኝም፤ ሜዳ ላይ ባዶ መሬት ከብቤ አላለቅስም።"

መምሬ ክፍሌ "የዘፈን ዕቃ እኮ ነው፣ ኃጢአት ይሆንብናል" ብለው ጀመሩ፤ የወይዘሮ የሺን ዓይን ሲያዩ ግን ዝቅ አሉና ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን እስካልገባ ድረስ የሜዳው ነገር አያገባኝም አሉ። ፍትሐቱን ነገ ማለዳ እጀምራለሁም አሉ።

ወደ ንጋቱ ዞር ብዬ "ተነሱ እንሂድ፣ መኪናው ነገ ይነሣል" አልኩት በቀስታ።

"እኛ?" አለኝ ንጋቱ፤ ጠዋት ሙሉ ሲስቅ የነበረው ሰው ዓይኑ ቀልቷል። "እኛ ሬሳ መንገድ ላይ ጥለን አንሄድም።"

"ጣውላ መሆኑን እያወቅህ አንተው ጠቅልለኸው የለም እንዴ?"

"ጠቅልዬዋለሁ። አሁን ግን ተለቅሶበታል።"

ይህን ሰው እንዴት ታስረዱታላችሁ? እኔ አቃተኝ። ብቻዬን ደግሞ ልሸከመው አልችልም።

አመሻሹ ላይ አቶ ጌታነህ ከበረት ጀርባ ጠሩኝ። ፊታቸው በአንድ ቀን ከስቷል። "ጎህ ሲቀድ ሁለት ጠንካራ ሰው እሰጥሃለሁ" አሉ። "ሳትሰማ ይዘኸው ውረድ። እህቴ ሜዳ ላይ ጣውላ አስተኝታ ስታለቅስ አገር ይስቅባታል። አንተም ሥራህ ላይ ትደርሳለህ።"

"እሳቸውስ?"

"በኋላ እኔ አስረዳታለሁ።"

"መቼ? አዝመራው ሲገባ?" አልኳቸው። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ልቤ ከሳቸው ጋር ነበር። እህታቸውን የሚወዱ ሰው መሆናቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ያን ሁሉ ወር መርዶውን ሲሸከሙ የከረሙ ሰው ናቸው። እሺም እምቢም ሳልል ተለየኋቸው።

ማለዳ ሁለቱ ሰዎች እንደተባለው መጡ። ቃሬዛው አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል። አንድ እርምጃ ወደነሱ፣ አንድ እርምጃ ወደ ቤቱ ስል ቆየሁና በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ ወደ ወይዘሮ የሺ ቤት ገባሁ። መደብ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል።

"እናቴ፣ ወንድምዎ ዕቃውን ዛሬ ይዤ እንድሄድ ሰው ሰጥተውኛል" አልኳቸው።

"ሳትነግራት ብሎ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ነገርከኝ?"

"እንጃ። ከርስዎ የሚደበቀው ነገር በዛብኝ።"

አተኩረው አዩኝ። "ሥራህ ምንድን ነው?"

ነገርኳቸው። ክበቡን፣ ቅዳሜን፣ አጭሩን ሰውዬ፣ ሁሉንም። "ባትደርስ ምን ትሆናለህ?" አሉኝ።

"ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።"

"ሌላ ቤት አታገኝም?"

"ላላገኝ እችላለሁ።"

ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ትከሻቸው ላይ መለሱ። 'እንግዲያው ሂድ' ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነት የተናገረ ይሸለማል ብዬ ይሆናል። "እውነቱን ስለነገርከኝ እኔም እውነቱን ልንገርህ" አሉ። "ሥራህ ቢቀር አዝንልሃለሁ። ግን አልለቅህም። ልጄ አንድ ቀን ይለቀስለት።"

ወጥቼ ሁለቱን ሰዎች አሰናበትኩ።

እሑድ ሜዳው በሰው ሞላ። ነጩ ጋቢ ከነቃሬዛው አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ከላዩ የደምሴ የተማሪ ቤት ኮትና ዱላው ተደርጎበታል። አልቃሿ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ቁመናውን እያነሣች ስታወርድ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይዞራሉ። የሳቀ ሰው አላየሁም። የጣውላው ሆድ ባዶ መሆኑን ከማንም አብልጬ የማውቀው እኔ እንኳ አለቀስኩ። የሰዉ ድምፅ ከፍ ሲል ከጋቢው ሥር ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ተሰማ። ወይዘሮ የሺ ዞር ብለው አዩኝ።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ እናቴ።"

"ምንድን ነው?"

ሌላ ነገር ብላቸው ደስ ባላቸው ነበር፤ ምን ብላቸው ደስ እንደሚላቸውም አላጣሁትም። "የሰው ድምፅ ሲበረታ ክሩ በራሱ ይርገበገባል። እሱ ነው" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም።

አቶ ጌታነህ ጭንቅላታቸውን ተላጭተው ከሜዳው ዳር ለብቻቸው ቆመው ነበር፤ ማንም አጠገባቸው አልደረሰም። ልቅሶው ሲያበቃ ወይዘሮ የሺ "ጌታነህ፣ ና የፊቱን ያዝ" አሉ። እየተንደረደሩ መጡና ከንጋቱ ጋር ቃሬዛውን አነሡ። ካነሡት በኋላ ግን ሁሉም ቆመ። ሬሳ ከሜዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው፤ ይኼ ወዴት ይሂድ? መምሬ ክፍሌ አቀረቀሩ። ወይዘሮ የሺ ወደ ሞላሌ ዞሩና "ወደ መኪናው" አሉ።

ለቀስተኛው በሙሉ እያለቀሰ ቁልቁል ወረደ። እህል የጫነች መኪና ልትነሣ ስትል ደረስን። ሾፌሩ እኔን ያመጣኝ ሰው አልነበረም፤ ከሩቅ እጁን አወናጨፈ፣ "ሬሳ እህል ላይ አልጭንም!" ይላል። ተጠግቼ ጫፉን ገልጬ አሳየሁት። ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ከኋላዬ ያለውን ሰው ሲያይ ዘጋው። አቶ ጌታነህ ራሳቸው ጆንያዎቹ ላይ ወጥተው ቤዙን ተቀበሉና አስተካክለው አስተኙት። ወይዘሮ የሺ የደምሴን ኮትና ዱላ ከላዩ አንሥተው ያዙ፤ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄዱና "ቀስ ብለህ ንዳ" አሉት።

ክበቡ ስደርስ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ነበር። ረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቼ ቆየሁ፤ በኋላ ሌላ ቤት ገባሁ፣ ቤዙም ዕድሜ ልኬን አበላኝ። ያኛውን ታሪክ ሌላ ጊዜ ለጠየቀኝ አወራለሁ። እዚያ መንደር እኔን የቀየረኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያን ቀን በኋላ መርዶ ሲደበቅ አፌን አልይዝም ብዬ ማልኩ፤ ስንት ቤት ውስጥም በዚህ ተጣልቻለሁ።

ከዓመታት በኋላ የባለቤቴ አባት አረፉ። እርጉዝ ነበረች፣ ለመውለድ አንድ ወር ቀርቷታል። ዘመዶቿ ሳሎኔ ተሰብስበው "እስክትገላገል ይቆይ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ለመኑኝ፣ እናቷ እግሬ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። እኔ የወይዘሮ የሺን ፊት አይቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ከገበያ ስትመለስ በር ላይ ተቀብዬ ነገርኳት። አለቀሰች፣ አባቷን ቀበረች፣ ልጃችንንም በሰላም ወለደች። ትክክል ነበርኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ዓመት ቆይቶ፣ ልጁን እያጠባች፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ "ያቺን አንድ ወር ብትተውልኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ።

ልጁ ሲጠግብ ተቀብዬ አስተኛሁት። ይህን የምታነቡ እናንተም በየቤታችሁ 'ይቆይ' ያላችሁት ነገር አይጠፋም፤ እስቲ ፍረዱ። እኔ ሐዘኑ የማን ነው፣ ለባለቤቱ ይነገረው እላለሁ። ይህን የምለው ግን ለናንተ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ አልለውም።